የአሜሪካ ገና ከጎዳና ወደ ቤት እንደ ገባ

በአሜሪካ ስለሚከበረው የገና በዓል የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚጀምሩት ከዛፉና ከገና አባት ነው። ቀጥለውም እነዚህ ልማዶች ከጥንት ጀምሮ ሲወርዱ ሲዋረዱ የመጡ አድርገው ይተርካሉ። ብዙዎቹ አሜሪካኖች ራሳቸውም እንዲሁ ያምናሉ። ዳሩ ግን የታሪክ ሰነዶች የሚያሳዩን ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ጥንታዊ የሚባለው የአሜሪካ ገና ከነዛፉ፣ ከነስጦታውና ከነሽማግሌው በአብዛኛው የ19ኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው። ከዚያ በፊት በዓሉ በአንዳንድ ግዛቶች ጭራሽ የተከለከለ፣ በሌሎቹም ስካርና ጫጫታ የሞላበት የጎዳና በዓል ነበር። የዚህ ጽሑፍ አሳብ በዓሉ ከጎዳና ተነሥቶ ወደ ቤት እንዴት እንደ ገባ፣ በዚህም መካከል ማን ምን እንዳገኘና ማን ምን እንዳጣ መመርመር ነው። ዓመታቱም ቀኖቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

በ1620 ወደ ፕሊመዝ የገቡት እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች የመጀመሪያውን ዲሴምበር 25 ቀን ያሳለፉት የጋራ ቤታቸውን ለመሥራት እንጨት ሲያቆሙ ነው። በዓል መሆኑን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም፤ ዐውቀው ነው የሻሩት። በተከታዩ ዓመት ገዢያቸው ዊልያም ብራድፎርድ እንደ ልማዱ ሰዎቹን ለሥራ ሲጠራ፣ በቅርቡ በመርከብ የመጡ አንዳንዶች በዚህ ቀን መሥራት ኅሊናችን አይፈቅድም ብለው ቀሩ። ብራድፎርድም ተዋቸው። ነገር ግን በቀትር ከሥራ ሲመለስ እነዚያው ሰዎች በመንገድ ላይ ኳስ ሲመቱና ዘንግ ሲወረውሩ አገኛቸው። የመጫወቻቸውን ዕቃ ነጠቃቸውና፣ ሌላው ሲሠራ እናንተ ስትጫወቱ ማየት ደግሞ የእኔን ኅሊና አይፈቅድም አላቸው። ይህን የጻፈው ብራድፎርድ ራሱ ነው፤ በአጻጻፉም ቀልድ ቢጤ ይታይበታል።

ፒዩሪታን የሚባሉት እነዚህና መሰሎቻቸው በዓሉን የጠሉት ክርስቶስን ስለ ናቁ አይደለም። ክርክራቸው ከመጽሐፍ ነበር። ወንጌል የልደቱን ቀን አይናገርም፤ እረኞቹም መንጋቸውን በሌሊት በሜዳ ይጠብቁ ነበር ይላልና፣ ይህ በክረምት ብርድ መሐል ሊሆን አይችልም ይሉ ነበር። የቦስተኑ ሰባኪ ኢንክሪስ ማዘር በ1687 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ይህ ቀን የተመረጠው አሕዛብ ሮማውያን በዲሴምበር ያከብሩት በነበረው የሳተርናሊያ በዓል ምክንያት ነው ሲል ተከራክሯል። ከሁሉ የበለጠ ያስቆጣቸው ግን በበዓሉ ስም የሚደረገው ነገር ነበር። የማሳቹሴትስ ሸንጎ በ1659 ባወጣው ሕግ ሥራ በመተው ወይም በመብላትና በመጠጣት ገናን ሲያከብር የተገኘ ሁሉ 5 ሺሊንግ እንዲቀጣ አዘዘ። ማንም የማያደርገውን ነገር በሕግ የሚከለክል የለምና፣ ይህ ሕግ ራሱ የሚያከብሩ ሰዎች እንደ ነበሩ ይመሰክራል። ሕጉ በ1681 ከእንግሊዝ ዘውድ በመጣ ግፊት ተሻረ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከለንደን የተሾመው ገዢ ኤድመንድ አንድሮስ በቦስተን የገና ጸሎት ላይ የተገኘው ግን በወታደር ታጅቦ ነው።

ለመሆኑ በገና ይደረግ የነበረው ነገር ምንድን ነው? በሰሜን አውሮፓ ዲሴምበር የገበሬ ዕረፍት ነው። እህል ገብቷል፤ አዲሱ ቢራ ደርሷል፤ ብርዱ ሥጋውን ከመበላሸት ስለሚጠብቅለት ከብት የሚታረደው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ሆድ የሚጠግብበትና እጅ ሥራ የሚፈታበት ወቅት ይኸው ብቻ ነበር። በእንግሊዝ አገር በዚህ ሰሞን ድኾችና ሎሌዎች በቡድን ሆነው ወደ ባለጸጋው ቤት ይሄዱና በሩን መትተው እየዘፈኑ ምግብና መጠጥ ይጠይቁ ነበር። ጌታው ከምርጡ ቢራ ካላቀረበ ዘፈኑ ወደ ስድብ፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ድንጋይ ውርወራ ይለወጣል። በቡሄ ለት ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ የሚዞሩትን ልጆች ያየ፣ ሙልሙል የነፈገውን ቤት ምን እንደሚሉትም የሰማ አንባቢ ይህን ልማድ ለመረዳት አይቸገርም። ልዩነቱ የእንግሊዞቹ ዘፋኞች ዐዋቂዎች መሆናቸውና የሚጠጡትም ብዙ መሆኑ ነው። በገና ጨዋታችንም ሜዳ ጌታ በሎሌው ምት ቢቆጣ ነውር እንደሚሆንበት ሁሉ፣ በዚያም አገር በእነዚያ ጥቂት ቀኖች የታችኛው የላይኛውን ቢዳፈር ልማዱ ይፈቅድለት ነበር።

ይህ ልማድ ከሰፋሪዎቹ ጋር ባሕር ተሻገረ። በደቡብ ግዛቶች በገና ጠዋት ጠመንጃ መተኮስ የተለመደ ነበር። በፔንሲልቬንያ ጀርመኖች ዘንድ ቤልስኒክል የሚባል ፀጉራም ልብስ የለበሰ ሰው አርጩሜና ለውዝ ይዞ በየቤቱ እየገባ ልጆችን ያስፈራራ ነበር። በቦስተን እንኳ፣ በዚያች የፒዩሪታኖች ከተማ፣ በ1771 የተወለደው ሳሙኤል ብሬክ ልጅነቱን ሲያስታውስ እንዲህ ያለ ነገር ይተርካል፤ በገና ሰሞን ጭንብል ያጠለቁ፣ ልብሳቸው ያደፈ ሰዎች ሳይጋበዙ ወደ አባቱ ሳሎን ይገባሉ፤ በወንበሩ ይቀመጣሉ፤ አጭር ተውኔት ያሳያሉ፤ ገንዘብ ካልተሰጣቸውም አይወጡም። አንዱ ቡድን ሲወጣ ሌላው ይተካል። የብሬክ አባት ሀብታም ነጋዴ ነበር፤ ነገር ግን ልማድ ስለ ሆነ ሊያባርራቸው አይችልም። ከዚህ ጽሑፍ ምስክሮች ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ድኻው በራሱ መብት በሀብታሙ ወንበር የተቀመጠበት ሰዓት ነውና።

ይህ ነገር ሊቆይ የቻለው በር የሚመታውና በር የሚከፍተው ሰው እስከሚተዋወቁ ድረስ ነው። በኒው ዮርክ ያ መተዋወቅ ቶሎ ጠፋ። የከተማይቱ ሕዝብ በ1800 60,000 ያህል ነበር፤ በ1830 ከ200,000 በለጠ። ቀድሞ ከጌታው ቤት የሚያድረውና ከማዕዱ የሚበላው የእጅ ሥራ ተማሪ አሁን በደመወዝ የሚኖር፣ በሌላ ሰፈር የሚከራይ ሠራተኛ ሆነ። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይበርዳል፤ የመርከብና የግንባታ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ብዙ ሰው ሥራ ያጣል። ስለዚህ በዲሴምበር ሌሊት በር የሚመታው ሰው የማይታወቅ፣ የተራበና የሰከረ ሆነ። በ1827 የመጨረሻ ሌሊት ቀንደ መለከትና ከበሮ፣ መጥበሻና ድስት ሳይቀር የያዘ ትልቅ ሕዝብ እየጮኸ በከተማይቱ መንገዶች ሲዞር አደረ። ልማድ የነበረው ነገር ለባለጸጎቹ የሁከት ሥጋት ሆነባቸው።

አሁን የሚጠሩት ሦስት ሰዎች ሁሉም የዚህች ከተማ ሰዎች፣ እርስ በርሳቸውም የሚተዋወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ጆን ፒንታርድ ነጋዴ ነበር፤ በ1804 የኒው ዮርክን የታሪክ ማኅበር ያቋቋመ፣ ኋላም ድኽነትን ለመከላከል በተመሠረተው ማኅበር ውስጥ የሠራ ሰው ነው። በ1810 ዲሴምበር 6 ቀን ለቅዱስ ኒቆላዎስ የማኅበር ግብዣ አደረገና የቅዱሱን ሥዕል አሳትሞ አደለ። በሥዕሉ ላይ ኒቆላዎስ የጳጳስ ልብስ ለብሷል፤ በአጠገቡም ስጦታ ያገኘች ጨዋ ልጅና የሚያለቅስ ባለጌ ልጅ ይታያሉ። ሁለተኛው ዋሽንግተን ኧርቪንግ ደራሲ ነው። በ1809 ባወጣው የኒው ዮርክ የቀልድ ታሪክ ውስጥ ኒቆላዎስን የጥንቶቹ ሆላንዳውያን ሰፋሪዎች ጠባቂ አደረገው፤ በኋላ ባሻሻለው እትምም በዛፎች ጫፍ ላይ በሠረገላ አበረረው። ተመራማሪው ቻርልስ ጆንስ በ1954 እንዳሳየው፣ ሆላንዳውያኑ በከተማይቱ በነበሩበት በ17ኛው መቶ ዓመት ይህን ቅዱስ ያከብሩ ለመሆናቸው የሚገኘው ማስረጃ እጅግ ጥቂት ነው። ብዙ ሰው የጥንት ባህል አድርጎ የተቀበለው ከቀልድ መጽሐፍ የወጣውን ነው።

ሦስተኛው ክሌመንት ክላርክ ሙር ነው። በኒው ዮርክ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የዕብራይስጥ መምህር የነበረ፣ ቼልሲ የሚባለውን ሰፊ ርስት የወረሰ ባላባት ነበር። ከተማይቱ እየሰፋች መንገዶቿ ርስቱን መቆራረጥ ሲጀምሩ በ1818 በተቃውሞ ጽሑፍ አሳተመ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1823 ዲሴምበር 23 ቀን፣ በትሮይ ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ላይ የቅዱስ ኒቆላዎስን ጉብኝት የሚተርክ ግጥም ያለ ደራሲ ስም ወጣ። ሙር በ1844 በራሱ የግጥም መድበል ውስጥ አገባው፤ የሄንሪ ሊቪንግስተን ዘሮች ግን ግጥሙ የአባታችን ነው ብለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የማንም ይሁን፣ ያደረገው ነገር ግልጽ ነው። ጳጳሱ የጳጳስነቱን ልብስ አውልቆ ፒፓ የሚያጤስ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ስምንት አጋዘኖች የሚጎትቱት ትንሽ ሽማግሌ ሆነ። ቀኑም ከዲሴምበር 6 ወደ ገና ዋዜማ ተዛወረ።

የታሪክ ምሁሩ ስቲቨን ኒሰንባውም በ1996 ባወጣው መጽሐፍ ይህን ግጥም ከአሮጌው ልማድ ጋር አስተያይቶታል። ከውጭ የመጣ፣ ጥላሸት የቀባው እንግዳ በሌሊት ወደ ባለጸጋው ቤት ይገባል፤ የቤቱም ጌታ በድንጋጤ ይነሣል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የቆየው የበር ጉብኝት ነው። ነገር ግን ይህ እንግዳ ምንም አይጠይቅም፤ አይጠጣም፤ ድምፁን ሳያሰማ ካልሲዎቹን ሞልቶ ይሄዳል። ተቀባዮቹም በር ላይ የቆሙት ድኾች ሳይሆኑ አልጋ ውስጥ የተኙት የጌታው ልጆች ናቸው። እኔ በዚህ አተረጓጎም እስማማለሁ፤ ሆኖም የሦስት ኒው ዮርካውያን ብዕር ብቻውን የአንድ አገር በዓል ለወጠ ማለት የሚበዛ ይመስለኛል። ግጥሙ አንባቢ ያገኘው ልጅን በቤት ውስጥ ማዕከል ያደረገ አዲስ የኑሮ ዘዴ በከተሞቹ መካከለኛ ቤተ ሰቦች ዘንድ አስቀድሞ መስፋፋት ስለ ጀመረ ነው። ዓመት በዓል የስጦታ ቀን ከሆነ ደግሞ በትክክል የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል፤ ልጅ ከተሰጠው በኋላ መስኮት አይሰብርም።

በደቡብ ግን የድሮው ዓይነት ገና ሌላ መልክ ይዞ ቆየ። እዚያ በር የሚመታው ባሪያ ነበር። በገና ጠዋት ከባለቤቱ ቀድሞ "የገና ስጦታ!" ብሎ የጮኸ ባሪያ ከጌታው አንድ ነገር ይቀበላል። በሰሜን ካሮላይና ባሮቹ ጆን ካኑ በሚሉት ጨዋታ የቡቱቶ ጌጥና ቀንድ አጥልቀው ከበሮ እየመቱ ከርስት ወደ ርስት እየዞሩ ገንዘብና መጠጥ ይጠይቁ ነበር። ይህን የጻፈችው ከባርነት ያመለጠችው ሐሪየት ጄኮብስ በ1861 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ነው። እርሷው እንደምትነግረን ገናን ያጠቆረው ተከታዩ ቀን ነው። ጃኑዋሪ 1 ባሮች ለሌላ ጌታ የሚከራዩበት ቀን ነበርና፣ እናቶች በዋዜማው ሌሊት ልጆቻቸውን ሲያዩ ያደሩት ነገ ይወሰዱብኝ ይሆን እያሉ ነው።

ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1845 የጻፈው ደግሞ ከዚህ ይጠነክራል። ከገና እስከ አዲስ ዓመት ያለው ቀን ለባሮች ዕረፍት ነበር፤ ጌቶቹም በዚያ ሰሞን ባሮቹ እንዲሰክሩ ያበረታቱ፣ ብዙ የሚጠጣው ማን እንደ ሆነም ይወራረዱ ነበር። ዳግላስ ይህን ቸርነት ነው አላለም። የአመፅን አሳብ ለማስተንፈስና ባሪያው ነፃነትን ከስካር ጋር አንድ አድርጎ እንዲጠላት ለማድረግ የታሰበ ዘዴ ነው ሲል ፈረደበት። ዳግላስ ስለ ጌቶቹ አሳብ ትክክል ነው። ነገር ግን ባሮቹ ዕረፍቱን ለሌላ ነገር እንደ ተጠቀሙበትም መዘንጋት አይገባም። ዊልያምና ኤለን ክራፍት በ1848 ዲሴምበር ከጆርጂያ ያመለጡት ለገና በተሰጣቸው የፈቃድ ወረቀት ነው፤ ሐሪየት ተብማንም በ1854 በገና ሰሞን ወንድሞቿን ሊሸጡ በተቀጠሩበት ዋዜማ ከሜሪላንድ አውጥታለች።

የእርስ በርሱ ጦርነት ባበቃበት ዓመት በ1865 ነፃ የወጡት ጥቁሮች በገና መሬት ይከፋፈልልናል ብለው ተስፋ አደረጉ። በገና ቀን ጌታው ለባሪያው ይሰጥ ስለ ነበር ተስፋው ከልማዱ የራቀ አልነበረም፤ በተለይም በጦርነቱ ጊዜ በባሕሩ ጠረፍ የተወረሰው መሬት ለእነርሱ ተከፋፍሎ ነበር። የመሬት ከበርቴዎቹ በበኩላቸው በዚያው ቀን አመፅ ይነሣል ብለው ፈሩ። ጄኔራል ሐዋርድ ግን በኦክቶበር ወደ ኤዲስቶ ደሴት ሄዶ መሬቱ ለቀድሞ ባለቤቶቹ እንደሚመለስ ነገራቸው። የተፈራው አመፅ አልተነሣም፤ መሬቱም አልመጣም።

ወደ ዛፉ እንመለስ። ዛፉን ያመጡት ጀርመኖች እንደ ሆኑ አያጠራጥርም፤ በፔንሲልቬንያ ከ1820ዎቹ ጀምሮ በሰነድ ይገኛል። በ1835 የሐርቫርድ የጀርመንኛ መምህር የነበረው ቻርልስ ፎለን ለትንሹ ልጁ በሻማ ያበራውን ዛፍ እንግሊዛዊቱ ጸሐፊ ሐሪየት ማርቲኖ አይታ በመጽሐፏ አስታወቀችው። ፎለን የባርነት ጠላት ነበር፤ በዚያው ዓመት የማስተማር ሥራውን አጥቷል። ዛፉን ወደ ብዙ ቤት ያስገባው ግን አንድ ሥዕል ነው። የለንደን ጋዜጣ በ1848 ንግሥት ቪክቶሪያ ከቤተ ሰቧ ጋር በዛፉ ዙሪያ ቆማ የሚያሳይ ሥዕል አወጣ። በ1850 ጎዴይ የሚባለው የአሜሪካ የሴቶች መጽሔት ይህንኑ ሥዕል ሲያትም ከንግሥቲቱ ራስ ዘውዱን፣ ከባሏ ከንፈር ጢሙን ፋቀና የአንድ ተራ አሜሪካዊ ቤተ ሰብ አስመሰለው። ከዚያ ወዲያ ዛፉ የአገሬው ሆነ።

መንግሥት የተከተለው ዘግይቶ ነው። ፕሬዚዳንት ግራንት በ1870 ጁን 28 ቀን የፈረሙት ሕግ ገናን ከሌሎች ሦስት በዓላት ጋር በዋሽንግተን ላሉት የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች የዕረፍት ቀን አደረገው። ነጋዴው ግን ቀድሞ ነበር። ሜሲ የሚባለው የኒው ዮርክ መደብር በ1867 በገና ዋዜማ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ሆኖ አመሸ። ሊቶግራፍ አታሚው ሉዊ ፕራንግ በ1870ዎቹ በቦስተን የገና ካርድ ማተም ጀመረ፤ ፍራንክ ዉልወርዝ በ1880 ከጀርመን የመጣ የመስታወት ጌጥ በርካሽ ሱቁ ሸጠ። ሽማግሌውንም ቶማስ ናስት የሚባለው ከጀርመን የተወለደ ሠዓሊ ከ1863 ጀምሮ በየዓመቱ እየሣለ መልክና አድራሻ ሰጠው፤ መጀመሪያ የሣለው ባለ ኮከብ ልብስ አልብሶ ለሰሜኑ ጦር ስጦታ ሲያድል ነው። የነጋዴው ሥልጣን ምን ያህል እንደ ደረሰ ለማየት 1939ን መጥቀስ ይበቃል። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የገናው ገበያ እንዲረዝም ብለው የምስጋናውን በዓል በአንድ ሳምንት ወደ ፊት አመጡት፤ ግማሹ አገር ባለመቀበሉ ሦስት ዓመት በተከታታይ በዓሉ በየግዛቱ ተለያይቶ ዋለ። ኮንግረስ በ1941 በሕግ አስታረቀው።

ታዲያ በር ይመታ የነበረው ድኻ የት ደረሰ? ድኻው አልጠፋም፤ ስሙ ተለውጦ የምጽዋት ተቀባይ ሆነ። የደኅንነት ሠራዊት የሚባለው የክርስቲያን ማኅበር በ1891 በሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ለድኾች ምሳ የሚሆን ገንዘብ መሰብሰቢያ ድስት ሰቀለ፤ ልማዱ ከዚያ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ይኸው ማኅበር በ1899 በኒው ዮርክ በማዲሰን ስኩዌር አዳራሽ ለብዙ ሺህ ድኾች የገና ማዕድ ሲያቀርብ፣ ባለጸጎች ከላይ በሰገነቱ ተቀምጠው ሲበሉ ተመለከቷቸው። ማኅበሩ የተራበ ሰው ማብላቱ መልካም ሥራ ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን በብሬክ አባት ሳሎን የተቀመጡትን ባለ ጭንብሎች ከዚህ ጋር ለሚያስተያይ ሰው፣ በመቶ ዓመት ውስጥ የተገለበጠው ነገር ይታየዋል። ያኔ ተመልካቹ የሀብታሙ ቤት ሆኖ ትርኢቱን የመረጡት ድኾቹ ነበሩ፤ አሁን ትርኢቱ ድኾቹ ራሳቸው ናቸው።

በዚያው በኒው ዮርክ፣ በ1931 በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ጊዜ፣ የሮክፌለር ማዕከል የሚሠራበት ቦታ ገና የተቆፈረ መሬት ነበር። የግንባታ ሠራተኞቹ 20 ጫማ ያህል የሚረዝም ጥድ አምጥተው ከጭቃውና ከድንጋዩ መካከል አቆሙና በወረቀትና በቆርቆሮ አስጌጡት። ያዘዛቸው የለም። በገና ዋዜማ ደመወዛቸውን ለመቀበል በዛፉ አጠገብ ተሰልፈው የተነሡት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ይገኛል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1933፣ የማዕከሉ አስተዳደር ራሱ በ700 መብራት ያሸበረቀ ዛፍ አቆመ፤ ዛፉን በየዓመቱ በዚያ ቦታ የሚያቆመውም ከዚያ ጀምሮ አስተዳደሩ ነው።